የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የዕለት ውሳኔ፦ ከጂንካ መደርደሪያ እስከ ዱስ አንባቢ

ዱስ በደቡብ ኦሞ ዞን ሐመር ወረዳ፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ የካራ ብሔረሰብ መንደር ናት። ላቡክና ቆርቾ ከተባሉት መንደሮች ጋር የካራ ሕዝብ ዋነኛ መኖሪያ ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ በወንዙ ዳር ማሽላና በቆሎ በማምረት፣ ፍየል በማርባት፣ ንብ በማነብና ዓሣ በማስገር ይተዳደራሉ። ቋንቋቸው ከሐመር ቋንቋ ጋር በእጅጉ የተቀራረበና ከኦሞቲክ የቋንቋ ቤተሰብ የሚመደብ ነው።

ጂንካ በበኩሏ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ኦሞ ዞን መቀመጫ ሆና ያገለገለች ከተማ ናት። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም ከተደራጀ ወዲህ ደግሞ ከክልሉ የማዕከል ከተሞች አንዷ ሆናለች። በከተማዋ የጂንካ ዩኒቨርሲቲና በኮረብታ ላይ የተሠራው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ይገኛሉ። ዱስን ከጂንካ የሚያገናኘው መንገድ በቆላማው ሜዳ የሚያልፍ በመሆኑ በዝናብ ወራት ጉዞው አስቸጋሪ ይሆናል።

ከዱስ የተነሳ አንድ ተማሪ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወጥቶ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ቢቆም፣ የሳይንስ ማጣቀሻ መጽሐፍ ጠይቆም ለሁለት ሳምንት ይዞት ወደ መንደሩ ለመመለስ ቢፈልግ፣ መልሱ ምን ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁንና መልሱን የሚሰጠው ኃላፊ በአንድ በኩል የመንግሥት ንብረት ጠባቂ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሕዝብ አገልጋይ በመሆኑ በየዕለቱ በሁለት ግዴታዎች መካከል ለመወሰን ይገደዳል። የዚህ ውሳኔ አሰጣጥ ምን እንደሚመስልና በምን ላይ መመሥረት እንዳለበት ማወቅ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን በጀት ለሚመድቡና አፈጻጸም ለሚገመግሙ የሥራ ኃላፊዎችም ጠቃሚ ነው።

ንብረትና አገልግሎት

በኢትዮጵያ የመንግሥት አሠራር አንድ መጽሐፍ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ እንደማንኛውም ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ ከንብረት ክፍል ሲወጣም በሞዴል 22 ይፈረምበታል። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲካሄድ የጎደለ መጽሐፍ ካለ መጠየቅ የሚጀምረው የፈረመው ሠራተኛ ነው። ይህ ሥርዓት የሕዝብ ሀብት እንዳይባክን የሚጠብቅ በመሆኑ አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም።

ሆኖም ሥርዓቱ ከአገልግሎት መለኪያ ተነጥሎ ሲሠራበት ያልታሰበ ውጤት ያስከትላል። መጽሐፍ በመጥፋቱ የሚጠየቅ፣ ባለመነበቡ ግን የማይጠየቅ ሠራተኛ መጽሐፉን መቆለፍ ይመርጣል። የተቆለፈ መጽሐፍ አይጠፋም፤ አይነበብምም። በቆጠራው ሰነድ ላይ የተሟላ ሆኖ የሚታየው ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢው የተዘጋ በር ሊሆን ይችላል።

መጽሐፍን አጥብቆ የመጠበቅ ልማድ በአገሪቱ ረጅም ታሪክ አለው። በቀደሙት ዘመናት አንድ የብራና መጽሐፍ ለማዘጋጀት በርካታ የእንስሳት ቆዳና የጸሐፊ የብዙ ወራት ድካም ይጠይቅ ስለነበር፣ በገዳማትና በአድባራት መጻሕፍት በዕቃ ቤት ይቀመጡ ነበር። በብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት ላይም የሰረቀውን ወይም የፋቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል ተጽፎ ይገኛል። ያ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የአገሪቱ መኩሪያ የሆኑት ጥንታዊ ጽሑፎች ከዚህ ዘመን ባልደረሱም ነበር።

ይህን የጥበቃ ኃላፊነት በአሁኑ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚወጣው በ1936 ዓ.ም የተቋቋመውና ሕዝቡ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 50 ታትመው የሚወጡ ጽሑፎች ቅጂ ለተቋሙ ገቢ እንዲደረግ የደነገገ ሲሆን፣ በ1991 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ደግሞ የቤተ መዛግብቱንና የቤተ መጻሕፍቱን ሥልጣንና ተግባር ወስኗል። በተቋሙ የሚገኙ የተመረጡ ጥንታዊ ጽሑፎችም እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም የጽሑፍ ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከዚህ የሥራ ክፍፍል አንድ ግልጽ መደምደሚያ ይገኛል። ብሔራዊው ተቋም አንዱን ቅጂ ለትውልድ የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ የወረዳና የከተማ ቤተ መጻሕፍት ያንኑ ሥራ እንዲደግሙ አይጠበቅባቸውም። የእነርሱ ቅጂ እስኪያልቅ ድረስ ሊነበብ የተገዛ ነው። ገጹ የሳሳና ሽፋኑ የተጠገነ መጽሐፍ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመልካም አፈጻጸም ማስረጃ ነው።

ግዥና ስጦታ

የኃላፊው የመጀመሪያው የዘወትር ውሳኔ ምን ይገዛ የሚለው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ የአንባቢ ፍላጎት ያልመዘገበ ቤተ መጻሕፍት የሰኔ ወር ሲደርስ በጀቱ ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስበት ሲል በመጻሕፍት መደብሩ ያገኘውን ሁሉ ለመግዛት ይቻኮላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ስብስብ የነጋዴውን ክምችት እንጂ የአንባቢውን ጥያቄ አያንጸባርቅም።

ለዚህ የሚረዳው መፍትሔ ወጪ የማይጠይቅ ነው። በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጦ ተጠይቀው ያልተገኙ መጻሕፍትን በየዕለቱ መመዝገብ ይቻላል። ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ርዕስ በግዥ ዝርዝሩ ቀዳሚ ይሆናል። ኃላፊው ለግዥ ኮሚቴ ሲቀርብ የግል ምርጫውን ሳይሆን የተመዘገበ ፍላጎት ይዞ ስለሚቀርብ ውሳኔው ከአድልዎ ሐሜት ይጠበቃል።

የስጦታ መጻሕፍትም የራሳቸው ውሳኔ አላቸው። ከውጭ አገር በብዛት የሚላኩ መጻሕፍት በነፃ የተገኙ ቢመስሉም የመደርደሪያ ቦታ፣ የምዝገባ ጊዜና የማጓጓዣ ወጪ ይጠይቃሉ። ለሌላ አገር የትምህርት ሥርዓት የተዘጋጀና ጊዜው ያለፈበት የኮምፒዩተር ወይም የሕግ መጽሐፍ በደቡብ ኦሞ ለሚገኝ ተማሪ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ስለሆነም ምን ዓይነት ስጦታ እንደሚቀበል አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳወቀ ቤተ መጻሕፍት ለጋሹን ሳያስቀይም እምቢ ማለት ይችላል።

ይዘትን በሚመለከት የአካባቢው ኑሮ ዋነኛው መመሪያ ነው። በታችኛው ኦሞ ለዘመናት የቆየው እርሻ የወንዙን ዓመታዊ ሙላት ተከትሎ የሚካሄድ ነበር። በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ከተገነባ በኋላ የወንዙ ፍሰት በመቀየሩ የመስኖ፣ የእንስሳት መኖና የአነስተኛ እርሻ ዕውቀት ለአርሶና አርብቶ አደሩ ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ይህን ለውጥ የተከታተለ ኃላፊ በሥዕልና በቀላል አቀራረብ የተዘጋጁ የግብርና ጽሑፎችን ከግዥ ዝርዝሩ አያስቀርም።

ስም፣ ፊደልና ዘመን

መጽሐፉ ከተገዛ በኋላ አንባቢው ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መመዝገብ አለበት። ይህ ሥራ ቴክኒካዊ ቢመስልም በውስጡ በርካታ ጥቃቅን ውሳኔዎች አሉበት። በአውሮፓና በአሜሪካ አሠራር ደራሲ የሚመዘገበው በቤተሰብ ስሙ ነው። ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም ስለሌለው የሚታወቀው በራሱ ስም ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚፈልግ አንባቢ ደራሲውን የሚፈልገው «ሀዲስ» በሚለው እንጂ «ዓለማየሁ» በሚለው ሥር አይደለም። ከውጭ የመጣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስሙን በራሱ ሲገለብጠው ዝም የተባለ እንደሆነ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እያለ እንደጠፋ ይቆጠራል።

የፊደል ጉዳይም አለ። ይኸው ስም በተለያዩ ጽሑፎች «ሀዲስ»፣ «ሐዲስ» ወይም «ሃዲስ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በካታሎግ ውስጥ በተለያየ ቦታ ከተደረደሩ አንድ ደራሲ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ቤተ መጻሕፍቱ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ከሌሎቹ ወደ እርሱ የሚመራ ካርድ ቢያዘጋጅ ችግሩ ይወገዳል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ልብ ወለዱ የታተመበት 1958 ዓ.ም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1965ንና 1966ን የሚነካ ነው። «ዓ.ም» እና «እ.ኤ.አ.» ሳይለዩ የተመዘገቡ መጻሕፍት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ልዩነት ስለሚዘበራረቁ፣ ያረጀውን እትም ከአዲሱ ለመለየት ያስቸግራል። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበትና እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ የተዘጋጀው የአመዳደብ ዘዴ ለኢትዮጵያ ታሪክ 963ን መድቧል። በአንድ ቁጥር ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ለሚከማቹበት ኢትዮጵያዊ ቤተ መጻሕፍት ግን በዘመን ወይም በአካባቢ ተጨማሪ ክፍፍል ማድረግ የኃላፊው ውሳኔ ይሆናል።

የሥራ ሰዓት

ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራሉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ይህንኑ ሰዓት የሚከተል ከሆነ ሠራተኛው በሥራ ገበታው ላይ ሳለ ተማሪው በክፍል፣ አርሶ አደሩ በማሳ፣ የመንግሥት ሠራተኛው በቢሮ ይውላል። በሩ የሚከፈተው አንባቢው በማይመጣበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

በደቡብ ኦሞና በአካባቢው የሰዎች እንቅስቃሴ የሚመራው በገበያ ቀን ነው። የጂንካ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ይውላል። የዲመካ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የቱርሚ ሰኞ፣ የቀይ አፈር ደግሞ ሐሙስ ነው። ከሩቅ መንደር የሚመጣ ሰው ከተማ የሚገባው በእነዚህ ቀናት በመሆኑ፣ ቅዳሜ የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት የገጠሩን አንባቢ በሥራ ሰዓት ድልድሉ ብቻ ሊያጣው ይችላል። ሠራተኛው ቅዳሜ ሠርቶ በሌላ ቀን እንዲያርፍ ማድረግ ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ የአገልግሎቱን ተደራሽነት ያሰፋል።

የቦታ ድልድልም ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። የፈተና ወቅት ሲቃረብ የንባብ አዳራሾች የራሳቸውን ደብተር ይዘው በሚመጡ ተማሪዎች ይሞላሉ። እነርሱን ማስተናገድ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ ሕፃናትና ሌሎች አንባቢዎች ወንበር እንዳያጡ የተወሰነ ጥግ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከ2 ሺህ በላይ አንባቢዎችን የሚያስተናግድ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ባለው የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ግን እያንዳንዱ ወንበር የውሳኔ ጉዳይ ይሆናል።

ማዋስ ወይስ መከልከል

ከሁሉም የሚከብደው ውሳኔ መጽሐፍ ከግቢ ይውጣ አይውጣ የሚለው ነው። በአዳራሽ ውስጥ ብቻ ማስነበብ ለከተማ ነዋሪ በቂ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ያልጨረሰውን ነገ ተመልሶ ያነበዋል። ለዱስ ተማሪ ግን የማያውስ ቤተ መጻሕፍት እንደሌለ ይቆጠራል። የከተማ ዋስ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ካላቀረበ አይወስድም የሚል መመሪያም፣ በጽሑፍ ለሁሉም እኩል ሆኖ ሳለ፣ በተግባር የሩቁን ሰው ብቻ የሚያስቀር ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 የኢትዮጵያ ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫም ይህንኑ መርህ ያጠናክራል። መግለጫው መነሻው እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ሲሆን ለመጨረሻ ጊዜ በ2022 ተሻሽሏል። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ያስቀመጧቸው አምስት ሕጎችም የሚጀምሩት መጽሐፍ የሚኖረው ለጥቅም ነው ከሚለው አስተሳሰብ ነው።

የኪሳራውን መጠን በስሌት መመልከት ውሳኔውን ያቀልላል። አንድ መጽሐፍ 20 ጊዜ ተውሶ በ21ኛው ጊዜ ቢጠፋ 20 አንባቢዎችን አገልግሏል። ያው መጽሐፍ ለ10 ዓመታት ተቆልፎ ቢቀመጥ በቆጠራ ይገኛል እንጂ የተከፈለበትን ገንዘብ አልመለሰም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ምን ያህል ጠፋ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ከስንት ውሰት ውስጥ ጠፋ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ጉዳቱን የሚቀንሱ መንገዶችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ለግለሰብ ከማዋስ ይልቅ ለተቋም ማዋስ ነው። ሠላሳና አርባ መጻሕፍት የያዘ ሳጥን በአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ፊርማ ወደ መንደር ሄዶ በሌላ ሳጥን ሊለወጥ ይችላል። ኃላፊነቱ የተቋም ስለሚሆን ተማሪው ዋስ ፍለጋ አይንከራተትም። ለሱፐርቪዥን፣ ለክትባት ወይም ለግብርና ሥራ ወደ ቀበሌዎች የሚሄዱ የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ሳጥኑን ቢያደርሱ የሚጨምረው ወጪ እምብዛም አይሆንም።

መጽሐፍን ወደ አንባቢው መውሰድ በኢትዮጵያም ሆነ በጎረቤት አገር የተሞከረ ነው። በዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተመሠረተው ኢትዮጵያ ሪድስ በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከከፈተ በኋላ፣ በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ለሕፃናት ማድረስ ጀምሮ ነበር። ከደቡብ ኦሞ ጋር በምትዋሰነው ኬንያ ደግሞ ብሔራዊው የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 በጋሪሳ የግመል ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቁሟል። ግመሎቹ የመጻሕፍት ሳጥንና ድንኳን ጭነው ወደ አርብቶ አደር ሰፈሮች ይጓዛሉ። አርብቶ አደሩ የማይረጋ ስለሆነ ቤተ መጻሕፍት አያስፈልገውም የሚለውን አመለካከት ይህ ተሞክሮ ውድቅ አድርጎታል።

ቁጥሩ የማያሳየው አንባቢ

የአገልግሎት መረጃ መሰብሰብ ለውሳኔ ጠቃሚ ቢሆንም የራሱ ወሰን አለው። የጎብኚዎች መዝገብ የሚያሳየው የመጣውን ሰው ነው፤ ያልመጣው በመዝገቡ ላይ አይታይም። ግዥው ሙሉ በሙሉ በተጠቃሚ ብዛት ብቻ ቢወሰን የካራ ሕዝብን የመሰለ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ማኅበረሰብ በየዓመቱ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ በየዓመቱም በጀቱ እርሱ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል።

በአሥራዎቹ የሚቆጠሩ ብሔረሰቦች በሚኖሩበት አካባቢ ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው አስቀምጧል። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በአካባቢው ቋንቋዎች መካከል በጀት ሲደለደል ከብዛት መለኪያው ጎን ለጎን ለእያንዳንዱ ማኅበረሰብ የማይነካ ዝቅተኛ ድርሻ መመደብ ሁለቱን መርሆዎች ያስታርቃል። የታተመ ጽሑፍ በማይገኝበት ቋንቋም የሽማግሌዎችን ተረት፣ የዘር ሐረግ ትውፊትና የእርሻ ዕውቀት በባለቤቶቹ ፈቃድ በድምፅ ቀርጾ ማስቀመጥ የቤተ መጻሕፍት ሥራ አካል ነው።

ከሥራ ኃላፊዎች የሚጠበቀው

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በራሱ ተነሳሽነት ብቻ መጽሐፍ እንዲያውስ መጠበቅ ተገቢ አይሆንም። የጎደለው ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ መቆለፉ የሚጠበቅ ነው። ስለሆነም የበላይ አካላት በቅድሚያ ማሟላት የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ በውሰት አገልግሎት የሚደርስ የተወሰነ ጉድለትና እርጅና አስቀድሞ በመመሪያ ታውቆ፣ በቸልተኝነት ወይም በምዝበራ ከሚደርስ ጉድለት እንዲለይና በሥርዓቱ መሠረት ከመዝገብ እንዲሰረዝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ ከመጻሕፍት ብዛት በተጨማሪ የውሰት ብዛትን፣ ተጠይቀው ያልተገኙ ርዕሶችንና አገልግሎቱ የደረሰባቸውን ቀበሌዎች እንዲያካትት ማዘዝ ነው። ሦስተኛው፣ የግዥ፣ የስጦታ፣ የውሰትና የማስወገድ መመሪያ በጥቂት ገጾች ተጽፎ በአንባቢው ፊት እንዲለጠፍ ማድረግ ነው። የተጻፈ መመሪያ ኃላፊውን ከተጽዕኖ፣ አንባቢውን ደግሞ በዘፈቀደ ከሚሰጥ ውሳኔ ይጠብቃል።

እነዚህ ሲሟሉ ከዱስ የመጣው ተማሪ ጥያቄ አከራካሪ መሆኑ ይቀራል። ኃላፊው መመሪያውን ተመልክቶ፣ መጽሐፉን በትምህርት ቤቱ ስም መዝግቦ፣ የሚመለስበትን የገበያ ቀን በካርዱ ላይ ይጽፋል። መጽሐፉ በዕለቱ ቢመለስ ለሌላ አንባቢ ይሰጣል። መንገዱ በዝናብ ተቋርጦ ቢዘገይም በዱስ ሌላ ሰው እያነበበው ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ የሚያካሂደው ባለሙያም ከመደርደሪያው ላይ የጎደለውን ብቻ ሳይሆን ወደየት እንደሄደና ስንት ሰው እንደተጠቀመበት አብሮ ሊጠይቅ ይገባል።